የጥርስ ራጅ ሴንሰር፦ ካታሎጉ ላይ ያለው ቁጥርና ስክሪኑ ላይ ያለው ምስል

የአንድ ሰው የታች መንጋጋ ጥርስ በሁለት የተለያዩ ዲጂታል ሴንሰሮች ተነስቷል እንበል። ምስሎቹ ስክሪን ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። በግራ በኩል ባለው ምስል የጥርሱ ጠርዝ በምላጭ የተቆረጠ ይመስላል፤ ሙሌቱ ቦግ ብሎ ነጥቷል፣ በሥሩ ዙሪያ ያለው አጥንት መረብ መረብ እያለ ይታያል። የቀኙ ግራጫ የበዛበትና ለስለስ ያለ ነው። የትኛው ሴንሰር ይሻላል ቢባል አብዛኛው ተመልካች፣ ሐኪሙም ጭምር፣ ጣቱን ወደ ግራ ይቀስራል። ከዚያ አንዱ ይነሳና ሶፍትዌሩ በግራው ምስል ላይ የጫነውን ጠርዝ የሚያጎላ ፊልተር ያጠፋዋል። ሁለቱ ምስሎች መንታ ሆነው ቁጭ ይላሉ።

ሴንሰሮች ሲነጻጸሩ ከሚፈጠረው ግራ መጋባት ትልቁ ክፍል ይሄ ነው። «ጥርት ያለ» ስንል ዓይን ደስ የሚለውን ምስል ነው ወይስ በጥርሱ ውስጥ ያለውን ነገር በትክክል የሚያሳየውን? አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ። የሚለያዩበት ጊዜ ግን አለ፤ ያኔ የሚሳሳተው ሕክምናው ነው።

ሴንሰሩ ውስጥ ምን አለ?

አፍ ውስጥ የሚገባው ያ ጠንካራ ጠፍጣፋ ነገር ሲከፈት ድርብርብ ነው። ከሽፋኑ ሥር መጀመሪያ የሚገኘው ሲንቲሌተር የሚባል ንብርብር ነው። ሥራው የማይታየውን ኤክስሬይ ወደሚታይ ብርሃን መለወጥ ነው። ከሱ ሥር በብዙ ሴንሰሮች ላይ ከጥቃቅን የመስታወት ክሮች የተሠራ የፋይበር ኦፕቲክ ሳህን አለ። ብርሃኑን ወደ ታች ያሻግራል፤ ጨረር በቀጥታ ቺፑን እንዳይመታውም ይከላከላል። ከታች ያለው ቺፑ ራሱ ነው። ድሮ ሲሲዲ ነበር፣ ዛሬ አብዛኛው ሲሞስ ነው፤ ብርሃኑን ተቀብሎ ወደ ኤሌክትሪክ፣ ከዚያም ወደ ቁጥር ይለውጣል።

ሲንቲሌተሩ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ጥራቱ በብዛት የሚወሰነው እዚህ ሆኖ ሳለ ስለሱ የሚያወራ ሰው ጥቂት ነው። ሁለት ዓይነት በብዛት ይሠራበታል። አንደኛው ጋዶሊኒየም ኦክሲሰልፋይድ የሚባል ዱቄት መሰል ነገር ነው። ብርሃን በዱቄቱ ቅንጣቶች መካከል ሲያልፍ በጨው ክምር ላይ እንደበራ ባትሪ ወደየጎኑ ይበተናል። አንድ ነጥብ ላይ የተፈጠረ ብርሃን ቺፑ ዘንድ ሲደርስ ሰፊ ክብ ሆኖ ያርፋል። ሁለተኛው ሲሲየም አዮዳይድ ነው። ይሄኛው ሲሠራ እንደታሰረ የሸምበቆ ነዶ ቀጥ ብለው የቆሙ ጥቃቅን መርፌዎች ሆኖ ያድጋል። በአንዱ ሸምበቆ ውስጥ የተፈጠረ ብርሃን በዚያው በሸምበቆው ውስጥ ይወርዳል እንጂ ብዙም ወደ ጎረቤቱ አይሻገርም። ስለዚህ ቺፓቸው አንድ ዓይነት የሆነ ሁለት ሴንሰሮች በሲንቲሌተራቸው ብቻ የተለያየ ምስል ሊሰጡ ይችላሉ።

ውፍረቱም የራሱ ጣጣ አለው። ሲንቲሌተሩ ሲወፍር ብዙ ጨረር ይይዛል፣ ስለዚህ ትንሽ ጨረር ይበቃዋል፤ ብርሃኑ ግን የሚበተንበት ርቀት ይጨምራል። ሲሳሳ ይጠራል፣ ነገር ግን ከሚመጣው ጨረር ብዙው ሳይያዝ ያልፈዋል። እያንዳንዱ አምራች በዚህ መካከል የመረጠው ቦታ አለው።

ጥራት በቁጥር ሲገለጽ ምን ማለት ነው?

መለኪያው «ጥንድ መስመር በሚሊሜትር» ይባላል። ማበጠሪያ አስቡ። አንድ ጥርስና አንድ ክፍተት ሲደመሩ አንድ ጥንድ ናቸው። በ1 ሚሊሜትር ውስጥ 10 ጥንድ የገባበት ማበጠሪያ ቢኖር፣ እያንዳንዱ ጥርስ 0.05 ሚሊሜትር ስፋት ይኖረዋል፤ ክፍተቱም እንደዚያው። የዚህን ማበጠሪያ ጥላ አንስቶ ጥርሱን ከክፍተቱ ለይቶ የሚያሳይ ሴንሰር 10 ጥንድ መስመር ይለያል እንላለን። ጥርሱና ክፍተቱ ተቀላቅለው አንድ ግራጫ ቢሆኑ ግን አልለየም። በተግባር የሚጠቀሙበት ማበጠሪያ ከስስ እርሳስ ብረት የተሠራ ነው፤ በፕላስቲክ መካከል ታሽጎ ሴንሰሩ ላይ ይቀመጣል።

ካታሎግ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ብዙ ጊዜ ከዚህ ሙከራ የተገኘ አይደለም፤ ከፒክስሉ፣ ማለትም ምስሉ ከተሠራባቸው ጥቃቅን ነጥቦች ከአንዱ፣ ስፋት በስሌት የወጣ ነው። አንድ ጥንድ ለመለየት ቢያንስ ሁለት ፒክስል ያስፈልጋል፤ አንዱ ለጥቁሩ፣ አንዱ ለነጩ። ፒክስሉ 20 ማይክሮን፣ ማለትም 0.02 ሚሊሜትር ከሆነ አንድ ጥንድ 0.04 ሚሊሜትር ይይዛል፤ 1 ለ0.04 ሲካፈል 25 ይመጣል። በ15 ማይክሮን ፒክስል ደግሞ ወደ 33 ይጠጋል። ይህ የመጨረሻው ጣሪያ ነው። ቺፑ ከዚያ በላይ መለየት አይችልም፤ እስከዚያ ይደርሳል ብሎ ግን ማንም ዋስትና አልሰጠም።

ለንጽጽር ያህል፣ የድሮው የጥርስ ፊልም ከ20 ጥንድ በላይ ይለይ ነበር። የሰው ዓይን ያለ ማጉያ የሚለየው 6 ገደማ ነው። ስለዚህ ከፍ ያለው ቁጥር ጥቅም የሚሰጠው ምስሉ ስክሪን ላይ ሲጎላ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። ማበጠሪያው ከፒክስሉ የረቀቀ ሲሆን ምስሉ ሁልጊዜ ወደ ግራጫ አይሄድም። አንዳንዴ በእውነት የሌሉ፣ ወፈር ያሉ መስመሮች ብቅ ይላሉ። ሁለት ስስ መጋረጃዎች ሲደራረቡ የሚታየው ሞገድ ዓይነት ነው። መስመር አየሁ ብሎ የደመደመ ሰው በሴንሰሩ ላይ ያልነበረ ችሎታ መዝግቦለት ይሄዳል። መስመሮቹን መቁጠርና ከፒክስሎቹ ረድፍ ዘወር አድርጎ ማንሳት የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

25 የተባለው ለምን 25 አያሳይም?

ብርሃኑ በሲንቲሌተሩ ውስጥ ስለሚበተን ነው፤ ፒክስሉ የቱንም ያህል ቢያንስ የደረሰው ብርሃን አስቀድሞ ተዘርግቷል። የወንፊቱን ቀዳዳ ብታጠብቡት እህሉ ከተቀላቀለ በኋላ ስለሆነ ትርፉ ትንሽ ነው።

«ለየ» ወይም «አልለየም» የሚለው አነጋገርም ጉዳዩን ያደበዝዘዋል። መስመሮች በአንድ ጊዜ አይጠፉም፤ እየረቀቁ ሲሄዱ ቀስ በቀስ እየገረጡ ነው የሚጠፉት። ወፍራሙ ማበጠሪያ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ይታያል፣ መካከለኛው ግራጫና ነጣ ያለ ግራጫ ይሆናል፣ በጣም ቀጭኑ ልዩነቱ ከመኖር አይቆጠርም። በየደረጃው ምን ያህል ልዩነት እንደተረፈ የሚያሳየው ኩርባ ኤምቲኤፍ ይባላል። ባለሙያዎች ሁለት ሴንሰሮችን በእውነት ማወዳደር ሲፈልጉ የሚጠይቁት ይህንን ኩርባ ነው። አንድ ነጠላ ቁጥር ሊተካው አይችልም።

ኩርባው ለምን ይሻላል? አንዱ ሴንሰር እስከ 20 ጥንድ ድረስ ፈዘዝ አድርጎ ይሄዳል እንበል። ሌላው 14 ላይ ያበቃል፣ ነገር ግን ከ3 እስከ 8 ባለው ክልል ልዩነቱን አጉልቶ ያሳያል። በካታሎግ ላይ የመጀመሪያው ያሸንፋል። ሐኪሙ የሚፈልገው ነገር ግን በብዛት ያለው በመካከለኛው ክልል ነው። በሁለት ጥርሶች መሀል ኢናሜሉን፣ ማለትም የጥርሱን ጠንካራ የውጭ ሽፋን፣ መብላት የጀመረ መቦርቦር ቀጭን መስመር አይደለም፤ ከነጭ ወደ ግራጫ በቀስታ የሚወርድ ደብዛዛ ጥላ ነው። እሱን ለማየት የሚያስፈልገው የጥቁርና የነጭ ልዩነት፣ ኮንትራስት የምንለው ነው። ፒክስሉን በግማሽ ማሳነስ ለዚህ ሥራ እምብዛም አይረዳም።

ታዲያ ረቂቅነት የሚያስፈልገው መቼ ነው?

ሩት ካናል በሚባለው የጥርስ ሥር ሕክምና ላይ ነው። ሐኪሙ ፋይል የሚባለውን ቀጭን የብረት መሣሪያ በሥሩ ቦይ ውስጥ ያስገባና ጫፉ የት እንደደረሰ በራጅ ያያል። የፋይሎቹ መጠን ዓለም አቀፍ ደረጃ አለው። 06 የሚባለው፣ እጀታው ሮዝ የሆነው፣ ጫፉ ላይ 0.06 ሚሊሜትር ነው፤ የሰው ፀጉር ያህል ማለት ነው። ግራጫው 08፣ ወይን ጠጁ 10፣ ነጩ 15 ነው። በተለመደው ዓይነት ከጫፉ ወደ ላይ በየሚሊሜትሩ 0.02 ሚሊሜትር እየወፈረ ይሄዳል።

አሁን ስሌቱን ተመልከቱ። አንድ ሴንሰር 0.06 ሚሊሜትር የሆነ ብረትን በአጥንትና በጥርስ ውስጥ ማሳየት አቅቶት፣ 0.10 ሚሊሜትር ሲደርስ ብቻ ቢታየው፣ የፋይሉ የመጨረሻ 2 ሚሊሜትር ከምስሉ ላይ የለም። ፋይሉ ጥርሱ ውስጥ ትክክለኛው ቦታ ላይ ቆሟል፣ ምስሉ ላይ ግን 2 ሚሊሜትር አጥሯል። ያንን ያመነ ሐኪም ፋይሉን ወደ ፊት ይገፋዋል፤ ከሥሩ ጫፍ አልፎ አጥንቱ ውስጥ ይገባል። ርዝመት ለመለካት ቢያንስ 15 ቁጥር ፋይል ተጠቀሙ የሚለው የቆየ ምክር ምክንያቱ ይሄ ነው።

20 ማይክሮን ፒክስል ላለው ሴንሰር 0.06 ሚሊሜትር ሦስት ፒክስል ነው። በስሌት ይበቃል። የሚጎድለው ኮንትራስቱ ነው፤ ፀጉር ያከለ ብረት የሚያስቀረው ጨረር በጣም ጥቂት ነው።

ብዥታው ሁሉ የሴንሰሩ ጥፋት ነው?

አይደለም፤ እንዲያውም ብዙው ጨረሩ ሴንሰሩ ጋ ከመድረሱ በፊት የሚፈጠር ነው። እጃችሁን በመብራትና በግድግዳ መካከል ዘርጉ። እጁ ወደ ግድግዳው ሲጠጋ ጥላው ጥርት ይላል፤ ወደ መብራቱ ሲጠጋ ጠርዙ ይሟሟል። መብራቱ ሰፊ ሲሆን ደግሞ የባሰ ይሟሟል። ራጅም ጥላ ነው።

የጥርስ ራጅ ማሽን ውስጥ ጨረሩ የሚፈልቅበት ነጥብ በብዛት ከ0.4 እስከ 0.7 ሚሊሜትር ስፋት አለው። 0.7 የሆነውን እንውሰድ። ጥርሱ ከጨረሩ ምንጭ 20 ሴንቲሜትር፣ ከሴንሰሩ ደግሞ 1 ሴንቲሜትር ቢርቅ፣ የጠርዙ ብዥታ 0.7 ሲባዛ በ10 ሲካፈል ለ200፣ ማለትም 0.035 ሚሊሜትር ይሆናል። ይህ ከአንድ ተኩል ፒክስል በላይ ነው። ምንጩን ወደ 30 ሴንቲሜትር ብናርቀው ወደ 0.023 ይወርዳል። በ0.4 ነጥብና በ30 ሴንቲሜትር ደግሞ 0.013። ሴንሰሩ አልተነካም፤ ምስሉ ግን ተለውጧል። አዲስ ሴንሰር ገዝቶ በአሮጌ ማሽንና በአጭር ኮን (ጨረሩ በሚወጣበት ቱቦ) የሚያነሳ ሰው የከፈለበትን ጥራት መንገድ ላይ ያፈሰዋል።

ሌላው እንቅስቃሴ ነው። ሮንትገን ኤክስሬይን ያገኘው በኅዳር 1895 በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነበር፤ በጥር 1896 ኦቶ ዋልክሆፍ የተባለ ጀርመናዊ የጥርስ ሐኪም የራሱን ጥርስ ሲያነሳ 25 ደቂቃ ያለ እንቅስቃሴ መቆየት ነበረበት። ዛሬ የሚያስፈልገው የሴኮንድ ክፋይ ነው። ቢሆንም ሴንሰሩ ያቅለሸለሸው ታካሚ በዚያች ቅጽበት ዋጥ ካደረገ 0.1 ሚሊሜትር መንቀሳቀስ ቀላል ነው። ይህም አምስት ፒክስል ነው። የማሽኑ ክንድ ተለቆ እየተወዛወዘ ሲነሳም ያው ነው፤ እሱን ግን የሚያስተውል ሰው ትንሽ ነው።

አሸዋ የተነሰነሰበት የሚመስለው ምስልስ?

ካፊያ ሲጀምር ደረቅ ንጣፍ ላይ የሚሆነውን አስታውሱ። አንዱ ጡብ ሦስት ጠብታ፣ ጎረቤቱ ምንም፣ ሌላው አምስት ያገኛል፤ ንጣፉ ዝንጉርጉር ይሆናል። ዝናቡ ሲበረታ ሁሉም እኩል ይርሳል። ኤክስሬይም በጠብታ ነው የሚመጣው። ጨረሩ ሲያንስ ፒክስሎቹ የተለያየ ቁጥር ይይዛሉ፣ ምስሉ ላይ አሸዋ የተነሰነሰ ይመስላል። በዚያ አሸዋ ውስጥ ቀጭን ነገር ይጠፋል። ፒክስል ሲያንስ ደግሞ እያንዳንዱ የሚያገኘው ጠብታ ይቀንሳል፤ በዚያው ጨረር አሸዋው ይብሳል ማለት ነው። «ፒክስሉ ትንሽ ስለሆነ ይሻላል» የሚለው ማስታወቂያ ይህንን ጎን አያነሳም። ጨረሩን እየጨመሩ ማጥራት ደግሞ መፍትሔ አይሆንም፤ የሚከፍለው ታካሚው ነው።

ሶፍትዌሩ ምን ያደርጋል?

ሴንሰሩ የሚልከው ጥሬ ምስል ለዓይን ደስ አይልም፤ ግራጫና ለስላሳ ነው። ሶፍትዌሩ ሳይጠየቅ ይነካካዋል። አንዱ ሥራው ጠርዝ ፈልጎ በነጩ በኩል የበለጠ ማንጣት፣ በጥቁሩ በኩል የበለጠ ማጥቆር ነው። ምንም አዲስ ዝርዝር አልተጨመረም፤ የነበረው ጮኸ እንጂ። አሸዋውም አብሮ ይጮኻል።

በልኩ ከሆነ ይጠቅማል፤ የፋይል ጫፍ ለመፈለግ በተለይ። ከልኩ ሲያልፍ ግን አደጋ አለው። የብረት ሙሌት በጣም ነጭ ነው፣ ከሥሩ ያለው ዴንቲን፣ ማለትም የጥርሱ የውስጥ ክፍል፣ ግራጫ። ፊልተሩ በድንበራቸው ላይ ማጥቆር ሲጀምር ከሙሌቱ ሥር ቀጭን ጥቁር መስመር ይፈጠራል። እሱ ደግሞ ከሙሌት ሥር የተነሳ አዲስ መበስበስ ይመስላል። የራሳችን ዓይንም ብሩህና ጨለማ በሚገናኙበት ቦታ ላይ የሌለ ጥቁር መስመር የማየት ጠባይ ስላለው ስህተቱ ይደራረባል። ጤነኛ ሙሌት እንዲህ ተብሎ ሊፈነቀል ይችላል። ፊልተሩን አጥፍቶ እንደገና ማየት የሚፈጀው ሁለት ጠቅታ ነው።

ስለዚህ እንዴት ይወዳደሩ?

ሁሉንም ነገር አንድ አድርጎ ሴንሰሩን ብቻ በመቀየር። ያው ማሽን፣ ያው ርቀት፣ ያው የጨረር መጠን። የሚነሳውም ያው ነገር መሆን አለበት፤ የተነቀለ ጥርስ በሰም ላይ ተተክሎ ሥሩ ውስጥ 06፣ 08ና 10 ቁጥር ፋይል እየተቀያየረ ቢነሳ፣ ማንኛውም ካታሎግ የማይነግረውን ይናገራል። ሕያው ሰውን ለማወዳደሪያ ደጋግሞ ማንሳት አይገባም። በአንድ መጠን ብቻም አይበቃም፤ አንዱ ሴንሰር በትንሽ ጨረር ላይ ሲበልጥ ሌላው በብዙው ላይ ሊበልጥ ይችላል። ፊልተሩ በሁለቱም ላይ ይጠፋል፣ ወይም ጥሬው የምስል ፋይል ከኮምፒውተሩ ወጥቶ በአንድ ሶፍትዌር ይከፈታል። የሚያየው ሰው የትኛው የየትኛው ሴንሰር እንደሆነ ባያውቅ ይመረጣል፤ ዋጋውን ያወቀ ዓይን ያደላል።

ማያው ራሱም ፈተና ውስጥ ነው። ትልቁ የአዋቂ ሴንሰር 26 በ36 ሚሊሜትር ገደማ ሲሆን፣ በ20 ማይክሮን ፒክስል 1300 በ1800፣ ከ2.3 ሚሊዮን የማያንስ ነጥብ ይዟል። ይህን በሶፍትዌሩ ትንሽ መስኮት ውስጥ አሳንሶ ማየት አብዛኛውን መጣል ነው፤ አንድ የምስል ፒክስል በአንድ የስክሪን ፒክስል ላይ እስኪያርፍ መጉላት አለበት። ብዙ ሴንሰሮች በ12 ቢት 4096 የግራጫ ደረጃ ይመዘግባሉ፣ ተራ ሞኒተር የሚያሳየው 256 ነው። መስኮት ፊት ለፊት የተቀመጠ ሞኒተር ደግሞ ያንንም ይቀንሰዋል። በስልክ ከስክሪን ላይ ተነስቶ በመልእክት መላኪያ የተጨመቀ ምስል ለወሬ ካልሆነ ለንጽጽር አይሆንም።

በሴንሰር ፋንታ አፍ ውስጥ የሚገቡትና በኋላ በሌዘር የሚነበቡት ስስ የፎስፈር ሰሌዳዎች ከሴንሰሮቹ ጋር ሲነጻጸሩ በብዛት በጥራት ዝቅ ይላሉ፣ ሲጫሩም ጭረቱ ምስሉ ላይ ይቀራል። ነገር ግን ስስና ገመድ አልባ ናቸው።

ለታካሚው ምን ለውጥ አለው?

ስስነቱ የሚታሰበው እዚህ ላይ ነው። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ሙያን የሠራው የመጀመሪያው የአፍ ውስጥ ዲጂታል ሴንሰር በ1987 ገበያ ላይ ከዋለ ወዲህ ፒክስሉ ብዙ ተሻሽሏል፤ ሴንሰሩ ግን ዛሬም ብዙ ሚሊሜትር የሚወፍር፣ የማይታጠፍና ገመድ ያለው ነገር ነው። ጠባብ አፍ ያለው ወይም የሚያቅለሸልሸው ሰው ወደ ኋላ እንዲገባ አይፈቅድለትም። ትንሽ ወደ ፊት ተንሸራቶ ሲነሳ የመጨረሻው መንጋጋ ሥር ግማሹ ከምስሉ ውጭ ይቀራል። የተነሳው ክፍል ፀጉር የሚያስቆጥር ጥራት ሊኖረው ይችላል፤ የታመመው ሥር ጫፍ ግን እዚያ የለም፣ ስለዚህ ታካሚው ሁለተኛ ጊዜ ጨረር ይወስዳል፣ ምናልባትም በአነስተኛው ሴንሰር።